መኪና የማያውቀው ተራራ

ደስታዬን ከየት ልጀምረው! ከዋሽንግተን፣ ከጆርጅታውን ተነስቶ፣ ፖቶማክን ተከትሎ ሽቅብ፣ ከዚያም የአሌጌኒን ተራሮች በጫካ መሐል ሰንጥቆ፣ ፒትስበርግ ላይ ሁለት ወንዞች ተጋጥመው ኦሃዮ እስከሚባሉበት ጫፍ ድረስ በሳይክል መሄድ ይቻላል። አልፎ አልፎ መንገድ ከማቋረጥ በቀር መኪና አጠገባችን አይደርስም። ጥሩምባ የለም፣ ጭስ የለም፣ ከኋላ እየገሠገሠ ልብ የሚያርድ የጭነት መኪና የለም። 335 ማይል ግድም ነው፤ በኪሎ ሜትር 540 ያህል! አገር ቤት ቢሆን ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር እንደ መጓዝ ማለት ነው። ይህን መንገድ እዚህ ጋ ተበጥሶ እዚያ ጋ ሲቀጠል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ስለማውቀው፣ ዛሬ ከዳር እስከ ዳር ተያይዞ ሳየው እልል ማለት ያምረኛል። ብዬም አውቃለሁ፤ ዋሻ ውስጥ፣ ድምፄ ዞሮ እኔው ጋ እስኪመለስ!

መንገዱ ሁለት ነው። የታችኛው ሲ ኤንድ ኦ ካናል ይባላል፤ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184 ማይል ተኩል። ቦዩ መቆፈር የጀመረው በ1828 ነው፣ ያለቀው በ1850 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። እስከ 1924 ድረስ የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች ተመላልሰውበታል፤ ጀልባዎቹን ከዳር ሆነው የሚጎትቱት ደግሞ በቅሎዎች ነበሩ። ዛሬ እኛ የምንነዳበት ያው የበቅሎዎቹ መንገድ ነው። የላይኛው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ነው፤ ሰዉ አሳጥሮ ጋፕ ይለዋል። ከከምበርላንድ እስከ ፒትስበርግ 150 ማይል፣ ሐዲድ የነበረበት፣ ባቡር ትቶት የሄደ። ውኃ ሽቅብ አይሄድም፣ ባቡርም ቀጥ ያለ ዳገት አይወድም። ስለዚህ የጥንቶቹ መሐንዲሶች ተራራውን እየዞሩ፣ እየበሱ፣ ገደሉን በድልድይ እየተሻገሩ ለጥ አድርገው ሠሩት። ያ ሁሉ ድካም ዛሬ ለእኛ ጉልበት ተረፈ! አትሌት መሆን አያስፈልግም። ልጅም፣ አዛውንትም፣ ሳይክል የለመደ ሁሉ ተራራውን ይሻገራል።

ያኔ 1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ነን። እኔ ዳውንታውን፣ ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ታክሲ ይነዳሉ። ስድስቱን ቀን እኔ ጭስ ስምግ፣ እርሳቸው ፍሬን ሲረግጡ እንከርማለን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን ጋሼ በሩን ያንኳኩና፣

«ነይ እንጂ! ሳንባችንን አጥበን እንምጣ» ይላሉ።

ሳይክል የተማርኩት እዚያው ቦዩ ዳር ነው። አዲስ አበባ ሠፈራችን ውስጥ ወንዶቹ ሳይክል በሰዓት እየተከራዩ አቧራውን ሲያስነሱት፣ እኛ ሴቶቹ አጥር ተደግፈን ነበር የምናየው። ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ከወጣች እናቶች ያወሩባታል። ልቤ ግን አብሯቸው ይሮጥ ነበር! ጋሼ ኮርቻውን ከኋላ ይዘው በሰፊው የበቅሎ መንገድ እየሮጡ ገፉኝ። «አትዪኝ! ፊትሽን እዪ!» እያሉ። ፊቴን ሳይ፣ መንገዱ በሾላ መሳይ ግዙፍ ዛፎች መሐል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሲካሞር ይባላሉ፣ ግንዳቸው ነጭ ነው። ዞር ስል ጋሼ የሉም። ሩቅ ቆመው ያጨበጭባሉ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስካሁን የሚስተካከለው አላገኘሁለትም።

ጋሼ ለሳይክል ያላቸው ፍቅር ከልጅነታቸው የመጣ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባችው በ1956 ሜልቦርን ላይ ነበር፤ ገረመው ደንቦባም ከብስክሌተኞቻችን ጋር እዚያ ተወዳድረዋል። ጋሼ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ዳገት በመጣ ቁጥር «ገረመው ይህችን ዳገት ይላታል እንዴ!» ይሉና ከኮርቻቸው ብድግ ይላሉ።

ሳይክሎቻችን ያርድ ሴል ላይ የተገዙ፣ ብረታቸው የከበደ ነበሩ። ዕቃችንን በፌስታል ጠቅልለን ከኋላ በገመድ እንጠፍረዋለን። ስንቃችን በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ እትዬ (የጋሼ ባለቤት) ያሰናዱልን ጭኮ። ካናሉ ዳር በየጥቂት ማይሉ የድንኳን ማሳረፊያ አለ፤ ሜዳ ላይ የእጅ ፓምፕ ተተክሏል። ጋሼ እጀታውን ሲያርገበግቡት ብረት ብረት የሚል ቀዝቃዛ ውኃ ይንዶለዶላል፤ እኔ በሶውን እበጠብጣለሁ። ዛሬ ሰዉ ሁሉ ለጉዞ ብሎ በየወረቀቱ የተጠቀለለ ጣፋጭ ይገዛል። እኔ በሶን የሚያህል የሳይክል ምግብ አለ ብዬ አላምንም። ሆድ አይከብድም፣ ጉልበት ይሰጣል፣ አይበላሽም፣ ደግሞም ይጣፍጣል!

ይህ የበቅሎ መንገድ ግን አውራ ጎዳና ሊሆን ነበር፤ ስንቱ ያውቃል? በ1950ዎቹ ቦዩን ተከትሎ የመኪና መንገድ ይሠራ የሚል ሐሳብ ተነሳ። ዋሽንግተን ፖስትም ደገፈው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ግን ለጋዜጣው ጻፉ፦ ኑና አብረን በእግራችን እንሂደው፣ ከዚያ ትፈርዳላችሁ። በመጋቢት 1954 ከከምበርላንድ ተነስተው ቁልቁል ወደ ዋሽንግተን ተጓዙ። ብዙ ሰው ተከተላቸው፤ ከዳር እስከ ዳር የዘለቁት ዳኛውን ጨምሮ ዘጠኝ ናቸው። ጋዜጣውም ሐሳቡን ለወጠ! በ1971 ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ተባለ። እኚህን ዳኛ እኔ በጸሎቴ አስባቸዋለሁ፤ የምሬን ነው። ያን ጊዜ ዝም ቢሉ ኖሮ ዛሬ እዚያ ቦታ የምንሰማው የሞተር ድምፅ ነበር።

በእኛ ዘመን የነበረው ችግር ጎርፍ ነው። በ1996 ፖቶማክ ሁለት ጊዜ ሞልቶ መንገዱን በየቦታው ጠራርጎ ወሰደው። ቢግ ስላክወተር የሚባለው ቦታ ላይ በቅሎዎቹ የሚሄዱት በገደሉና በወንዙ መሐል፣ በውኃው አፋፍ ነበር፤ እሱ ፈረሰና ተዘጋ። ስለዚህ ከጫካው ወጥተን በኮረብታማ የገጠር አስፋልት መዞር ግድ ሆነ። ጠባብ ነው፣ ጥምዝምዝ ነው፣ መኪናው ደግሞ ይበራል። ጋሼ ከኋላዬ ሆነው «ዳር ያዢ! ዳር!» እያሉ ነበር የሚያሻግሩኝ። በ2012 መንገዱ እንደገና ሲከፈት የሄድን ጊዜ፣ በወንዙ ላይ እንደ ሰገነት በወጣ ንጹሕ ኮንክሪት ላይ ስንንሸራተት፣ በግራ የድንጋይ ገደል፣ በቀኝ ሰፊ ዝም ያለ ውኃ፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ እየዘፈንኩ ነበር። ጋሼም ተቀበሉኝ!

ስለ ፖ ፖ ዋሻ ደግሞ ልንገራችሁ። ወንዙ እዚያ ጋ እየተጠማዘዘ ብዙ ስለሚዞር፣ ቦዩን በተራራው ሆድ ውስጥ አሳለፉት። 3,118 እግር፣ ወደ 950 ሜትር ነው። ቁፋሮው በ1836 ተጀምሮ ዋሻው ሥራ የጀመረው በ1850 ነው፤ ግድግዳና ጣሪያው በስድስት ሚሊዮን ያህል ሸክላ ተለብጧል። መብራት የለውም። ከሳይክል ወርደን፣ ባትሪ አብርተን፣ በአንድ በኩል ግድግዳው በሌላው ውኃው እያለ በጠባቧ መንገድ እንገፋለን። በውኃው በኩል የእንጨት መደገፊያ አለ። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ጋሼ ድንገት ቆሙና «እጅሽን አምጪ» አሉኝ። ጣቴን እንጨቱ ላይ አሳለፉት። ገባ ገባ ያለ፣ ጣት የሚያስገባ፣ ለስላሳ ቦይ ቦይ አለው። የጀልባዎቹ ገመድ የበላው ነው! በቅሎ ፊት ትሄዳለች፣ ጀልባ ከኋላ ይከተላል፣ በመሐል የተወጠረው ገመድ እንጨቱን ስንት ዓመት ሲሞርደው ኖሯል። «የጭነት በቅሎ ምን ያህል እንደምትለፋ ያየ ሰው ነው ይህን የሚያውቀው» አሉ ጋሼ። አያታቸው የመርካቶ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ በቅሎ ሲባል ዓይናቸው ይበራል። እስካሁን እዚያ በደረስን ቁጥር ሁላችንም ተራ በተራ እንጨቱን እንዳስሳለን፤ ልጆቼም ለምደውታል።

አሁን ወደ ላይኛው መንገድ! ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚያስፈነጥዘው እሱ ነው።

በ1912 የዌስተርን ሜሪላንድ ባቡር ከከምበርላንድ ተነስቶ ተራራውን እየወጋ ኮነልስቪል ደረሰ። በ1975 ባቡሩ ቆመ። ሐዲዱ ተነቀለ፣ ቁጥቋጦ ወረሰው። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚገርመው፦ የአካባቢው ሰዎች፣ አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች፣ ቁራጭ በቁራጭ ያነሱት ጀመር። በ1986 ኦሃዮፓይል በሚባለው ደን ውስጥ ዘጠኝ ማይል ተኩል ያህል ተከፈተ። ከዚያ አንድ ድልድይ፣ ከዚያ አንድ ዋሻ፣ ከዚያ ሌላ ቁራጭ። ገንዘብ ሲያገኙ ይሠራሉ፣ ሲያጡ ይጠብቃሉ። እኛ ያየነው ይህን ነው! በመጣን ቁጥር መንገዱ አድጎ እናገኘዋለን። አምና አጥር የነበረበት ዘንድሮ የተደቀቀ የኖራ ድንጋይ ለብሶ፣ ተጠቅጥቆ፣ እንደ አውድማ ልስልስ ብሎ ይጠብቀናል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ከፒትስበርግ አቅጣጫ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ሜየርስዴል ላይ ያልቅ ነበር። ከፊታችን ቢግ ሳቬጅ የተባለው ተራራ ቆሟል፤ የባቡሩ ዋሻ አለ፣ ግን ውስጡ ስለተጎዳ ተዘግቷል። ስለዚህ ወደ ከምበርላንድ የሚወርድ ሰው አስፋልት ላይ ወጥቶ ከጭነት መኪና ጋር ይጋፋል። እኔና ጋሼ ወጣነው። የከባድ መኪና ንፋስ ወደ ቦይ ሲገፋን፣ ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን መሪ የጨበጡ ሰው ጥርሳቸውን ነክሰው «ለካ እኛ ሾፌሮች እንዲህ ነን!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ታክሲያቸውን ሲነዱ ሳይክለኛን የሚያልፉት መስመሩን ሁሉ ለቀውለት ነበር።

በ2006 ዋሻው ታድሶ ተከፈተ፤ መንገዱም ከምበርላንድ ገባ። ወይ ደስታ! በ2013 ደግሞ የፒትስበርግ ጫፍ ተቀጠለና ሙሉው 150 ማይል አንድ ሆነ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የፒንከርተን ዋሻ ተከፈተ፤ ቀድሞ ጉብታውን ዞረን ነበር የምናልፈው።

አሁን እንዴት እንደሆነ ልውሰዳችሁ። ከፒትስበርግ ወጥተን ዮክን፣ ማለትም ያክጌኒ ወንዝን፣ ይዘን ስንወጣ ዳገት መሆኑ እንኳ አይታወቅም፤ ከአንድ በመቶ በታች ነው። ከወንዙ ማዶ የዕቃ ባቡር አሁንም ይሠራል፤ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ሆነን ፉጨቱን እንሰማለን። ኦሃዮፓይል ላይ ፏፏቴ አለ፣ ከፍ ባለ ድልድይ ወንዙን እንሻገራለን። በበጋቸው መግቢያ ሮዶደንድረን የሚሉት አበባ ዳገቱን ነጭና ፈዛዛ ሮዝ ያደርገዋል። ከዚያ ኮንፍሉዌንስ፣ ሮክውድ፤ ትናንሽ ከተሞች ናቸው። ያኔ ብዙው ሱቅ ጣውላ ተመትቶበት ነበር፣ ሰዎቹም ጋሼንና እኔን ከየት የመጡ ናቸው ብለው ቆመው ያዩን ነበር። አሁን በየከተማው የሳይክል መጠገኛ፣ ማደሪያ፣ ቡና ቤት አለ። ሳይክል አዳኛቸው እንደሆነ ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ በሩን ከፍተው «ውኃ ሙሉ» የሚሉ ሰዎች ናቸው።

ሜየርስዴል ከመድረሳችን በፊት የሳልዝበሪ ድልድይ ይመጣል። 1,908 እግር ይረዝማል፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ተሻግሮታል፤ ከሥራችን ወንዝ፣ ሐዲድ፣ የእርሻ ማሳ፣ የመኪና አውራ ጎዳና! አዎ፣ መኪኖቹ ከእግራችን በታች ናቸው፣ ትንንሽ ሆነው። ጋሼ እዚህ ድልድይ መሐል ሁልጊዜ ይቆማሉ፤ ወደ ታች እያዩ ለሾፌሮቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ። አንዳንዱ ጥሩምባ ይነፋላቸዋል። በዚህ መንገድ ሁሉ የምወደው ጥሩምባ እሱ ብቻ ነው።

ከሜየርስዴል በኋላ ጥቂት ወጣ ብለን የውኃ ክፋዩ ላይ እንደርሳለን፤ ከፍታው 2,392 እግር። ጋሼ ምልክቱን ባዩ ቁጥር «እግር ባይሆን፣ ሜትር ቢሆን እኮ አዲስ አበባ ነበርን!» ይላሉ። በሜትር 729 ነው። ከዚህ ወደ ፒትስበርግ በኩል የዘነበ ዝናብ በኦሃዮና በሚሲሲፒ አድርጎ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይገባል፤ ወደ ከምበርላንድ በኩል የዘነበው ቼሳፒክ፣ ከዚያ አትላንቲክ። እና እዚህ ላይ ፔዳል መርገጥ ይቀራል! ከዚህ እስከ ከምበርላንድ ወደ 24 ማይል ግድም ቁልቁለት ነው። ሃያ አራት ማይል!

መጀመሪያ ቢግ ሳቬጅ ዋሻ ይውጠናል። ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በክረምት ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል በሩ ይዘጋል፤ የሚንጠባጠበው ውኃ በረዶ ሆኖ ግድግዳውን እንዳይሰነጥቅ ነው። በበጋ ሙቀት ላብ በላብ ሆነን ስንገባ ቅዝቃዜው ፊታችንን ይመታናል፣ ትንፋሻችን ይታያል። እልልታ የምለው እዚህ ነው። የወዲያኛው በር ሲከፈትልን የሜሪላንድ ተራሮች እስከ ዓይን ዳርቻ ተደርድረው፣ በጥቅምት ከሆነ ሜፕሉ ቀይ፣ ኦኩ ነሐስ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገጥመናል። ሰው ሁሉ ከሳይክሉ ይወርዳል። ሳይወርድ የሚያልፍ አላየሁም።

ጥቂት ወረድ ብሎ የሜሰን ዲክሰን መስመር በድንጋይ ተሰምሯል፤ በ1763 እና 1767 መሐል የተለካ የፔንስልቬኒያና የሜሪላንድ ድንበር። ከባርነት የሚሸሽ ሰው ወደ ሰሜን ይህን መስመር ለማለፍ ሌሊት በዚህ ጫካ ይሄድ ነበር። እኛ ጥቁሮች በቀን፣ በሳይክል፣ እየሳቅን ስንሻገረው ልጆቼ ምን ማለት እንደሆነ እንዲያውቁ እዚያ አስቆማቸዋለሁ። ቆመው ይሰሙኛል። ከዚያ እንደገና ይፈነጫሉ፤ እንዲፈነጩም ነው የምፈልገው።

ልጆቼ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ሳይክል ላይ መውጣት ያስወራ እንደነበር ስነግራቸው «ለምን?» ብለው ይጠይቁኛል። ዛሬ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ የሚመጡ እኅቶቻችን አብረውን ይሄዳሉ፤ ነጠላቸውን ለቤተ ክርስቲያን አስቀምጠው ሄልሜት አጥልቀው! አዲስ አበባም ከ2018 ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ተብሎ በአንዳንድ እሑዶች ጎዳናው ለመኪና ሲዘጋ፣ ሴቶች ልጆች አደባባይ ላይ ሳይክል ሲነዱ በስልኬ ያየሁ ቀን አነባሁ፤ የደስታ ዕንባ።

ጋሼስ? ሰባዎቹን አጋምሰዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ግን ባትሪ ያለው ሳይክል መጣላቸው! ታክሲውን ካቆሙ ቆይተዋል። አሁን ፊት ፊት የሚሄዱት እርሳቸው ናቸው፣ እኛ ነን የምንከተል። «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ!» ስላቸው፣ «ገረመው ቀስ ይላል እንዴ!» ይሉኛል።

ባለፈው ጥቅምት ከፒትስበርግ ተነስተን ከምበርላንድ ላይ እንድናበቃ ነበር ስምምነቱ። ከፍሮስትበርግ ጀምሮ ፍሬን ይዘን፣ ከቱሪስት ባቡሩ ሐዲድ ጎን ለጎን፣ ብረሽ ዋሻን ከሐዲዱ ጋር ተካፍለን፣ በጠባቡ የተራራ በር ተንደርድረን ከተማ ገባን። ወንድሜ ትልቅ መኪና ይዞ ቆሟል፤ ሳይክሎቹን ሊጭን ገመዱን ሁሉ አዘጋጅቷል። ቤት ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል። ትንሿ ልጄ መኪናውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ የበቅሎዎቹ መንገድ የሚጀምርበትን ምልክት አየች። «እማ፣ ከዚህ እስከ ጆርጅታውን መኪና አለ?» አለች። የለም አልኳት። «ታዲያ ለምን እንገባለን?»

ሁላችንም ዞረን ጋሼን አየን። ጋሼ የባትሪያቸውን መብራት ተመለከቱ፣ ግማሽ አለው። ወንድሜን ጠሩት። «ሻንጣዎቹን ብቻ ጫን። በሶው ይቅርልን። ለእትዬህ፣ እሑድ ከሰዓት እንደርሳለን በልልኝ» አሉና፣ ማንም መልስ ሳይሰጥ ቀድመውን ተነሡ።